ራጅ ስንነሳ ለምን «ዙሩ፣ ተጠጉ፣ ትንፋሽ ያዙ» እንባላለን?

ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ፣ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቪዛ የጤና ምርመራ የሚያደርግ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አመልካች፣ ሳል የጸናበት ወይም ወድቆ እጁን የተጎዳ ሰው ሁሉ ከሚያልፍባቸው ክፍሎች አንዱ የራጅ ክፍል ነው። በዚያ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም የሚሰማቸው ትእዛዞች ግራ ያጋቡታል፦ ደረትዎን ከሰሌዳው ጋር ያጣብቁ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ፣ ትከሻዎን ወደ ፊት ይግፉ፣ አየር ይሳቡና ይያዙ፣ አሁን ደግሞ በጎን ይዙሩ። «እንደገና እናንሳዎት» ሲባል ከባድ ሕመም የተገኘበት መስሎት የሚደነግጥ አለ፤ ሌላው ደግሞ ያለ ምክንያት ተጨማሪ ጨረር እየተለቀቀበት እንደሆነ ይጠረጥራል።

ሁለቱም ስጋቶች የሚመነጩት ራጅ ልክ እንደ ፎቶግራፍ፣ ማሽኑ ካለ በማንኛውም መንገድ ቢነሳ ያው ነው ከሚል ግምት ነው። በራጅ ምስል ላይ ግን የአካሉ ሁኔታ፣ ሰውየው የቆመበት ወይም የተኛበት አኳኋን እና ጨረሩ የመጣበት አቅጣጫ አንድ ላይ ተደባልቀው ነው የሚታዩት። አኳኋኑና አቅጣጫው ካልታወቁ ወይም በትክክል ካልተያዙ ጤነኛው ሰው ታማሚ፣ ታማሚውም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ራጅ በምስሉ ላይ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው?

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይህን ጨረር በቩርዝበርግ ከተማ ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳርፎ አነሳ፤ በዚያ ምስል ላይ የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ ጎልተው፣ ሥጋው ደግሞ ደብዝዞ ይታያል። ዛሬ በብዙ ቦታ ፊልሙ በዲጂታል ሰሌዳ ቢተካም መሠረቱ አልተለወጠም። ጨረሩ ከአንድ ቱቦ ይወጣል፣ በአካል ውስጥ ያልፋል፣ ከአካሉ ማዶ ያለው ሰሌዳም ተርፎ የደረሰውን ጨረር ይመዘግባል። አየር ጨረሩን ብዙም ስለማያግደው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ስብ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ጡንቻ፣ ደምና ውሃ ነጣ ያለ ግራጫ፣ አጥንት ነጭ፣ ብረት ደግሞ ከሁሉም የነጣ ይሆናል። ጡንቻ፣ ደምና ውሃ በአንድ ረድፍ መሰለፋቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ራጅ እነዚህን አንዱን ከሌላው የሚለየው በመካከላቸው አየር፣ ስብ ወይም አጥንት ሲኖር ብቻ ነው። የልብ ዳር ጠርቶ የሚታየውም በግራና በቀኝ አየር የሞላው ሳንባ ስላለ ነው።

ስለዚህ ራጅ ጥላ ነው ማለት ይቻላል። በምሽት በኩራዝ ፊት እጁን ዘርግቶ በግድግዳ ላይ ጥላ የሠራ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እጁ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጥላው የእጁን መጠን ይይዛል፣ ጠርዙም ይጠራል፤ እጁ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ጥላው ይተልቃል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል፤ መዳፉን በጎኑ ሲያዞር ደግሞ አምስቱ ጣቶች በአንድ ጥላ ውስጥ ይጠፋሉ። የራጅ ባለሙያው በታካሚው አካል ላይ የሚሠራው ሥራ እነዚህን ሦስቱን ነገሮች መቆጣጠር ነው፦ የሚፈለገው አካል ለሰሌዳው ምን ያህል እንደ ቀረበ፣ ቱቦው ምን ያህል እንደ ራቀ፣ የትኛው አካል በየትኛው ላይ እንደ ተደረበ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ቃላት እየተደጋገሙ ስለሚመጡ ትርጉማቸውን መያዝ ይጠቅማል። «አኳኋን» ስንል ታካሚው ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ በጀርባው፣ በሆዱ ወይም በጎኑ ተኝቶ መሆኑን ማለታችን ነው። «አቅጣጫ» ስንል ደግሞ ጨረሩ ከየት ገብቶ በየት እንደ ወጣ ነው። በሐኪም ማዘዣ ላይ የሚነበቡት አጫጭር ፊደላት የሚገልጹት አቅጣጫውን ነው፤ «ፒ.ኤ.» ማለት ጨረሩ ከኋላ ገብቶ በፊት ወጣ፣ «ኤ.ፒ.» ማለት ከፊት ገብቶ በኋላ ወጣ፣ «ላተራል» ማለት ደግሞ ከጎን ወደ ጎን አለፈ ማለት ነው።

የደረት ራጅ ሲነሳ ለምን ጀርባችንን ለቱቦው እንሰጣለን?

ልብ በደረት ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ ደረት አጥንቱ ቀርቦ ስለሚገኝ ነው። ታካሚው ደረቱን ከሰሌዳው ጋር አጣብቆ ጨረሩ ከኋላው ሲመጣ ልቡ ለሰሌዳው ቅርብ ይሆናል፤ ቱቦውም በተለምዶ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰውየው አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ሰሌዳው ከሥሩ ገብቶ፣ ተንቀሳቃሹ ማሽን ከላይ ወደ 100 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ሲያነሳው ግን ልቡ ከሰሌዳው ርቆ ለቱቦው ይቀርባል።

ልዩነቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ነገር ከሰሌዳው 6 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና ቱቦው 180 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ጥላው 13.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያው ነገር ከሰሌዳው 16 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቱቦው 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ግን ጥላው ወደ 15.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የመጀመሪያው 3 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው፤ ሁለተኛው 19 በመቶ። በተጨማሪም ሰው ሲተኛ ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ላይ ከፍ ስለሚል ልቡ ተጋድሞ ይበልጥ ሰፍቶ ይታያል።

ይህ ተራ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ሐኪሞች የልብን መተለቅ ከሚገምቱባቸው ዘዴዎች አንዱ በፒ.ኤ. ምስል ላይ የልቡን ስፋት ከደረቱ የውስጥ ስፋት ጋር ማነጻጸር ነው፤ በአዋቂ ሰው የልቡ ስፋት ከደረቱ ስፋት ከግማሽ ሲበልጥ ልቡ ሳይተልቅ እንዳልቀረ ይጠረጠራል። ይህ መለኪያ የተበጀው ቆሞ፣ አየር ስቦ፣ በፒ.ኤ. አቅጣጫ ለተነሳ ሰው ነው፤ ተኝቶ በኤ.ፒ. አቅጣጫ ለተነሳ ሰው ከተጠቀሙበት ጤነኛውን ልብ የታመመ ያስመስለዋል። ጥንቁቅ የራጅ ባለሙያ በምስሉ ላይ «ኤ.ፒ.» ወይም «ተኝቶ» ብሎ የሚጽፈው አንባቢው ሐኪም እንዳይሳሳት ነው። ልብዎ ተልቋል ተብለው ከሆነና የተነሱት አልጋ ላይ ከነበረ፣ ሐኪምዎን ስለ አቅጣጫው መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሌሎቹም ትእዛዞች እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። አገጭ ቀና የሚለው የአንገትና የመንጋጋ ጥላ በሳንባው ጫፍ ላይ እንዳይወድቅ ነው። እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ትከሻን ወደ ፊት መግፋት ጠፍጣፋዎቹን የትከሻ አጥንቶች ከሳንባው ሜዳ ገለል ያደርጋቸዋል። አየር ስቦ መያዝ ድያፍራሙን ወደ ታች አውርዶ ሳንባውን ይዘረጋል፤ በደንብ በተሳበ ትንፋሽ ላይ ከኋላ በኩል 9 ወይም 10 የጎድን አጥንቶች ከድያፍራሙ በላይ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ትንፋሹ ግማሽ ሆኖ ከቀረ የሳንባው ሥሮች ተጨማድደው ይነጣሉ፣ ያ ንጣትም የሳንባ ምች ሊመስል ይችላል፤ ልቡም እንደገና ሰፍቶ ይታያል። ቀጥ ብሎ መቆም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው ትንሽ ከዞረ አንደኛው ሳንባ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሮ፣ የልቡና የደም ሥሮቹም ቅርጽ ተዛብቶ ይወጣል። አንባቢው ይህን የሚያረጋግጠው ከአንገት ግርጌ በግራና በቀኝ ያሉት አግዳሚ አጥንቶች የውስጥ ጫፎቻቸው ከጀርባ አጥንቱ መካከል እኩል መራቃቸውን በማየት ነው።

ልብስና ጌጥ ስለማውለቅም አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሳ ነውና። ሐብል፣ ቁልፍና የጡት መያዣ ብረት ነጭ ጥላ ይጥላሉ። ተጎንጉኖ በትከሻና በአንገት ላይ የወረደ ሹሩባም በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ሊጥል ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ በአዋቂዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው በላይኛው የሳንባ ክፍል ነው። ጸጉርን ወደ ላይ መጠቅለል ሰውን ከተሳሳተ ጥርጣሬና ከተጨማሪ ምርመራ ያድነዋል። በማተብ ላይ የተንጠለጠለ የብረት መስቀል ካለም ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ መስቀሉ ከሚነሳው ቦታ ውጭ እንዲሆን ገለል ማድረግ ይበቃል፤ ይህን በአክብሮት ማስረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው።

እነዚያው የአንገት ግርጌ አጥንቶች የሳንባውን ጫፍ ሸፍነው አንባቢውን ካጠራጠሩት፣ ታካሚው ከሰሌዳው አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ከወገቡ በላይ ወደ ኋላ እንዲለጠጥ ተደርጎ ሊነሳ ይችላል። በዚህ አኳኋን አጥንቶቹ በምስሉ ላይ ወደ ላይ ይወጡና የሳንባው ጫፍ ነጻ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ የተጠራ ሰው ሁሉ ታሟል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጥርጣሬውን ለማስወገድ ነው።

ቆሞ መነሳትና ተኝቶ መነሳት ምን ያለያያቸዋል?

በአካል ውስጥ ያለ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ አየርም ወደ ላይ ይወጣል። የሰውየው አኳኋን ፈሳሹና አየሩ የት እንደሚሄዱ ይወስናል።

በሳንባ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሰው ቆሞ ሲነሳ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ግርጌ ወርዶ በጎድንና በድያፍራም መካከል ያለውን ሹል ማዕዘን ይሞላዋል፤ ያ ማዕዘን ሲደነዝዝ ሐኪሙ ፈሳሽ እንዳለ ያውቃል። ሆኖም ከፊት ወደ ኋላ በሚያሳየው ምስል ላይ ይህ እንዲታይ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መጠራቀም ሊያስፈልግ ይችላል፤ በጎን በተነሳው ምስል ላይ ግን ከኋላ ያለው ማዕዘን ጥልቅ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ፈሳሽም ይገለጣል። ያው ሰው በጀርባው ተኝቶ ቢነሳ ፈሳሹ ከሳንባው ኋላ እንደ ስስ ንጣፍ ስለሚዘረጋ፣ በምስሉ ላይ የሚታየው በአንድ ወገን የተዘረጋ ስስ ጭጋግ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። ሐኪሙ አሁንም ከተጠራጠረ ታካሚውን በታመመው ጎኑ አስተኝቶ ጨረሩን በአግድም ይልክበታል፤ ፈሳሹ በደረቱ ግድግዳ ላይ ይሰለፋል፣ በጣም ጥቂት ቢሆንም ይታያል፣ ረግቶ የተጣበቀ ከሆነም ከቦታው ባለመንቀሳቀሱ ይለያል። የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥም ይህ ልዩነት በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚውል ነው።

አየርም በተቃራኒው እንዲሁ ነው። ጨጓራው ወይም አንጀቱ የተበሳ ሰው፣ በቁስለት ይሁን በታይፎይድ፣ ከአንጀቱ ያመለጠው አየር ቆሞ ሲነሳ ወደ ላይ ወጥቶ በድያፍራሙ ሥር ቀጭን ጥቁር ማጭድ ይሠራል። ይህች ጥቁር መስመር አፋጣኝ ቀዶ ሕክምና የሚያስወስን ምልክት ልትሆን ትችላለች። ያው ታካሚ ተኝቶ ከተነሳ ግን አየሩ ወደ ሆዱ ፊት ሄዶ ይበተንና መስመሯ አትታይም። ለመቆም አቅም የሌለውን ሰው በግራ ጎኑ አስተኝተው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩታል፤ አየሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ በጉበቱና በቀኝ ጎኑ ግድግዳ መካከል ይሰበሰባል። ግራው የተመረጠው ጉበት በቀኝ ስለሆነ ነው፤ የጉበቱ ወጥ ንጣት ላይ ጥቁር አየር በግልጽ ይለያል፣ በግራ በኩል ቢሆን ግን በጨጓራ ውስጥ ሁልጊዜም ያለው አየር ያምታታል። ሕመም ይዞት በጎኑ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰውና አጠገቡ የተጨነቀው ቤተሰቡ የተረሱ ሊመስላቸው ይችላል፤ መጠበቁ ግን የምርመራው አካል ነውና ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል።

አንድ አጥንት ለምን ሁለት ጊዜ ይነሳል?

ጥላ ጥልቀት ስለሌለው ነው። የተሰበረ አጥንት አንዱ ክፍል ከሌላው ኋላ በትክክል ተደርቦ ከቆመ፣ ከፊት የተነሳው ምስል ቀጥ ያለ ጤነኛ አጥንት ያሳያል፤ በጎን ሲነሳ ግን ሁለቱ ጫፎች ተለያይተው ይታያሉ። በመሆኑም ለስብራት የሚነሳ ራጅ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ፣ አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ተለይቶ እንዲነሳ ይጠየቃል። ረጅም አጥንት ሲሆን ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎችም በምስሉ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ የክንድ አንዱ አጥንት ሲሰበር የሌላው አጥንት መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላልና።

ትከሻ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አብዛኛው የትከሻ ውልቃት ወደ ፊት ስለሚሄድ በቀላሉ ይታያል። ወደ ኋላ የሚወልቀው ግን ጥቂት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የሚጥል በሽታ በተነሳበት ወይም ኤሌክትሪክ በያዘው ሰው ላይ ነው። ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ የክንዱ ራስ በቦታው ያለ ይመስላል፤ ልምድ ያለው ዓይን ቅርጹ መክበቡን ቢያስተውልም ይህ ውልቃት በመጀመሪያ ምርመራ በተደጋጋሚ የሚታለፍ ነው። ከጎን ወይም በብብት በኩል የተነሳ አንድ ተጨማሪ ምስል ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። ሁለተኛው ምስል ሳይነሳ «ምንም የለም» ተብሎ የተሸኘ ሰው እጁን ወደ ውጭ ማዞር አቅቶት ለወራት ሊሰቃይ ይችላል።

በእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ያለችው ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንትም ሌላ ምሳሌ ናት። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሲመታ ትሰበራለች፤ ሕመሙ ቀላል ስለሚመስል «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታሻል። አጥንቷ ታጥፋ ስለምትቀመጥ በተለመደው አነሳስ አጥራ ትታያለች፤ እጁ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲዘነብል ግን ትዘረጋለች፣ ስንጥቋም የመታየት ዕድል ያገኛል። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል፣ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያመው ሰው ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ እንደገና እንዲመረመር ይመከራል። የአጥንቷ የደም አቅርቦት ከጣቶቹ በኩል ካለው ጫፍ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ሳይታወቅ የቀረ ስብራት ደም ያጣውን ክፍል ሊያሞተው ይችላል። ሁለተኛውን ቀጠሮ አለመቅረት እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ራጅ ያህል ዋጋ አለው።

የጉልበት ራጅ ደግሞ ከአቅጣጫው ይልቅ ክብደት መሸከሙ ይወስነዋል። ልም አጥንት በራጅ ስለማይታይ መሳሳቱ የሚገመተው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ታካሚው ተኝቶ ከተነሳ ክፍተቱ ሰፊ ሆኖ ይታያል፣ ቆሞ ሲነሳ ግን የአካሉ ክብደት አጥንቶቹን ስለሚያቀራርባቸው ጉዳቱ እንዳለ ይገለጣል። ለጉልበት ማርጀት የሚታዘዝ ራጅ፣ ሰውየው መቆም እስከቻለ ድረስ፣ ቆሞ መሆን አለበት የሚል እምነት አለኝ፤ ተኝቶ በተነሳ ምስል ላይ ተመሥርቶ «ጉልበትዎ ደህና ነው» መባል ታማሚውን ሕመሙን የፈጠረው ያስመስለዋል።

መዞር ወይም መቆም የማይችልስ?

እዚህ ላይ ደንቡ ይገለበጣል፦ ታካሚው አይዞርም፣ ቱቦው ይዞራል። በመኪና አደጋ አንገቱ የተጎዳ ሰው በጀርባው እንደ ተኛ፣ የአንገት መደገፊያው ሳይወልቅ፣ ጨረሩ ከጎን በአግድም ይላክበታል። የአንገት አጥንቶች 7 ሲሆኑ ምስሉ በቂ የሚሆነው ሰባተኛውና ከእርሱ በታች ያለው የመጀመሪያው የደረት አከርካሪ መገናኛ ሲታይ ነው፤ ትከሻ የሚሸፍነው ይህን የታችኛውን ቦታ ስለሆነ ከላይ ያሉት ስድስቱ ደህና መሆናቸው ብቻ ዋስትና አይሆንም። በተቻለበት ቦታ ዛሬ ለእንዲህ ያለ ጉዳት ሲቲ ስካን፣ ማለትም ጨረሩን በአካሉ ዙሪያ እያዞረ በቁራጭ በቁራጭ የሚያሳየው ማሽን፣ ይመረጣል።

ወድቀው ዳሌያቸውን ለተጎዱ አረጋውያንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። በመደበኛው የዳሌ ራጅ እግር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲዞር ይደረጋል፤ የጭን አጥንቱ አንገት ሳያጥር በሙሉ ርዝመቱ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ስብራት ከተጠረጠረ ግን እግሩን ማዞር ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይደረግም።

በምስሉ ላይ ያለው ቀኝ የማን ቀኝ ነው?

የራጅ ምስል የሚነበበው ታካሚው ፊት ለፊታችን ቆሞ እንደሚያየን ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ የታካሚው ቀኝ በተመልካቹ ግራ ይውላል። ልቡን በምስሉ ቀኝ በኩል አይቶ የሚደነግጥ ታካሚ ካለ ትክክለኛው ይኸው ነው። ቀኝና ግራን የሚያመለክተው የእርሳስ ፊደል ግን በግምት አይተካም፤ ጥቂት ሰዎች ልባቸው በእውነትም በቀኝ በኩል ነው፤ ምልክት የሌለው ምስል ተገልብጦ ከተቀመጠ ይህን ለመለየት አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ በቀዶ ሕክምና ፊት ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ብዙ ጊዜ መነሳት ጨረሩን አያበዛም?

ያበዛል፤ መጠኑን ግን ማወቅ ያረጋጋል። አንድ የፒ.ኤ. ደረት ራጅ ለአዋቂ ሰው 0.02 ሚሊሲቨርት ያህል ጨረር ይሰጣል፤ ሚሊሲቨርት አካል የተቀበለው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከሕዋ፣ ከምግብና ከአየር በተፈጥሮ የሚቀበለው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሆነ፣ የአንድ ደረት ራጅ ከሦስት ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይተካከላል። የወገብ አከርካሪ ራጅ ወደ 1.5፣ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ ወደ 8 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ሐኪሙ ፈልጎት የሚነሳ ሁለተኛ አቅጣጫ ለውሳኔው የሚያስፈልግ መረጃ ይዞ ይመጣል። ታካሚው በመንቀሳቀሱ ወይም በትክክል ባለመቀመጡ ተበላሽቶ የሚደገመው ምስል ግን የሚጨምረው ጨረሩን ብቻ ነው፤ በዲጂታል ራጅ ውስጥ ምስሎች እንዲደገሙ ከሚያደርጉ ምክንያቶች ቀዳሚው የአኳኋን ስህተት ነው።

አቅጣጫው ራሱ ጨረርን ይቀንሳል። ጀርባቸው የጎበጠ ልጃገረዶች በእድገታቸው ዘመን ደጋግመው ራጅ ይነሳሉ፤ ጨረሩ ከኋላ ሲገባ በጀርባ በኩል ብዙው ተውጦ ስለሚያልቅ ወደ ጡት የሚደርሰው እጅግ ያንሳል። በሌላ በኩል ለዓመታት የተለመደው የመራቢያ አካልን በእርሳስ መሸፈን እየቀረ ነው፤ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 በመደበኛነት መደረጉ እንዲቆም መክሯል። ሽፋኑ የሚፈለገውን አካል ሊከልልና ምስሉን ሊያስደግም፣ ጨረሩን በራሱ የሚመጥነውንም መሣሪያ አሳስቶ መጠኑን ሊያስጨምር ይችላል። ሽፋን ያልተሰጠው ታካሚ ቸል ተብሏል ማለት እንግዲህ አይደለም።

ሌሎቹ ማሽኖችስ?

በማሞግራፊ እያንዳንዱ ጡት ከላይ ወደ ታችና ከጎን በሰያፍ ይነሳል፤ መጨመቁ ቢያምም የተደራረበውን ሥጋ ዘርግቶ፣ እንቅስቃሴን አስቁሞ፣ የሚያስፈልገውን ጨረር ይቀንሳል። በሲቲ ስካን የደረትና የሆድ ምርመራ እጅ ከራስ በላይ የሚነሳው የክንድ አጥንቶች ምስሉን እንዳይበክሉ ነው። በመግነጢስ ኃይል ምስል በሚያነሳው በኤምአርአይ እንዲህ ያለ ጨረር ባይኖርም እጅን ማጨባበጥና እግርን ማቆላለፍ ይከለከላል፤ ቆዳ ከቆዳ ሲገናኝ የኤሌክትሪክ ዑደት ተፈጥሮ ሊያቃጥል ይችላል። ለልብ አልትራሳውንድ በግራ ጎን መተኛት ልብን ወደ ደረት ግድግዳ ያቀርበዋል፤ አልትራሳውንድ አየርን ስለማያልፍ ሳንባው ገለል ማለቱም ይረዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ ላይ የሳንባ ነቀርሳን ምልክት የሚፈልጉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሥራ ላይ እንዲውሉ መክሯል። ባለሙያ በሚያንስባቸው ቦታዎች ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የሚያነበው የተሰጠውን ጥላ ነው፤ ትከሻው የሸፈነውን ወይም ትንፋሹ ያነሰውን ምስል አስተካክሎ አያይም።

ታካሚው ምን ማድረግ ይችላል?

የታመመው ጎን የትኛው እንደሆነ በራሱ አንደበት መናገር፣ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ከመነሳቱ በፊት ማሳወቅ፣ በሕመም ምክንያት መቆም ወይም መዞር ካቃተው ተገዶ ከመሞከር ይልቅ መግለጽ ይገባዋል። ትንፋሽ መሳቡን አንድ ጊዜ ለልምምድ እንዲያሠሩት መጠየቅም ይችላል፤ በተለይ አረጋውያን ቃሉን ሰምተው እስኪስቡ ምስሉ ተነስቶ ያልቃል። ቋንቋውን በማይናገሩበት አገር ለሚታከሙ ወገኖች ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ «ሳቡ፣ ያዙ፣ ልቀቁ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ከመነሳቱ በፊት በአማርኛ ተነጋግሮ መግባባት ይቻላል። ቀድሞ የተነሳ ራጅ ካለም ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ አዲሱን ምስል ከአሮጌው ጋር ሲያነጻጽር ግን ሁለቱ በአንድ አቅጣጫና በአንድ አኳኋን የተነሱ መሆናቸውን አስቀድሞ ያያል፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ተኝቶ ከሆነ በመካከላቸው የሚታየው ለውጥ የበሽታው ላይሆን ይችላል።